ደማቅ የአበባ ኅትመት ያለበትን አሮጌ የዲዛይነር የሐር ቀሚስ የመመርመር፣ የማጽዳትና የማስቀመጥ መመሪያ

በታወቀ ዲዛይነር ቤት የተሠራ፣ ትልልቅ አበቦች የታተሙበትና ብዙ ዓመት ያስቆጠረ የሐር ቀሚስ እጁ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ማጠብ ነው። ቀሚሱ የቁም ሳጥን ሽታ ይዟል፤ አንገቱ ዙሪያ ቢጫ ነገር ይታያል፤ ስለዚህ ውኃና ሳሙና ይቀርባል። እንዲህ ያሉ ቀሚሶች ከዕድሜያቸው ይልቅ በዚህ ጥድፊያ ይበላሻሉ። ሐር በአግባቡ ከተያዘ ለአሥርት ዓመታት የሚቆይ ጨርቅ ነው፤ አስቸጋሪው ኅትመቱ ነው። በአንድ ቀሚስ ላይ ያሉት ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለሞች የተለያዩ ማቅለሚያዎች በመሆናቸው አንዱ ውኃን ሲችል ሌላው ላይችል ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የሥራ ቅደም ተከተል እጥበትን ወደ ኋላ ያዘገየዋል፤ ወደዚያ የሚደረሰውም የቀለም ፈተናው ከፈቀደ ብቻ ነው።

አንደኛ፦ አንጥፎ መመርመር

ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ያንጥፉ። እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ቅባት አይቀቡ። ሐር በጥቃቅን ሸካራ ነገሮች በቀላሉ ክሩ ስለሚመዘዝ ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ያውልቁ። ቀሚሱን በጀርባው አስተኝተው፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያርፍበት የቀን ብርሃን፣ ከትከሻው ጀምረው እስከ ታችኛው ጫፍ ድረስ ቀስ ብለው ይመልከቱት፤ ከዚያም ገልብጠው ውስጡን እንዲሁ ይመልከቱ።

ትኩረት የሚሹት ቦታዎች ብብት፣ የአንገት ጠርዝ፣ ወገብ፣ የዚፑ የታችኛው ጫፍና የጨርቁ ክብደት የሚንጠለጠልበት ትከሻ ናቸው። ጨርቁን ወደ መስኮት አንስተው በብርሃን አሳልፈው ሲያዩት ድሩና ማጉ የሳሳበት ቦታ ከዙሪያው ይልቅ ያበራል፤ ደማቅ የአበባ ኅትመት ጉዳትን በደንብ ስለሚደብቅ ይህን አሠራር መዝለል አይገባም። ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት ፍጹም ጤነኛ የሚመስል ቅጠል በብርሃን ፊት እንደ ወንፊት ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ጥንካሬውን ለማወቅ ብሎ ጨርቁን ወጥሮ መሳብ ክልክል ነው። በውስጠኛው የስፌት ትርፍ ላይ በሁለት ጣት ለስለስ አድርገው ቢያሹት ይበቃል። ጨርቁ ደረቅ ወረቀት የሚመስል ድምፅ ካሰማ፣ ወይም በእጥፋቱ መስመር ላይ ትይዩ የሆኑ ቀጫጭን ስንጥቆች ከታዩ፣ ሐሩ በብረታ ብረት ጨው የከበደ ሊሆን ይችላል። ሐር በክብደት ይሸጥ በነበረበት ዘመን፣ በተለይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ የጥሬ ሐሩ ተፈጥሯዊ ሙጫ ሲታጠብ የሚያጣውን ከአምስት አንድ እጅ እስከ ሩብ የሚደርስ ክብደት ለመተካት አምራቾች የቆርቆሮና የሌሎች ብረቶችን ጨው ይጨምሩበት ነበር። እንዲህ ያለው ሐር መሰንጠቁን የሚያቆምለት መድኃኒት የለም፤ አይታጠብም፣ አይለበስም፣ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ደማቅ አበባ ያላቸው የዲዛይነር ቀሚሶች አብዛኞቹ ከዚያ ዘመን በኋላ የመጡ ስለሆኑ ይህ ችግር በብዛት አይገጥምም።

ሁለተኛ፦ ዘመኑንና ሠሪውን ማጣራት

በልብሱ ላይ የተሰፋው ማርካ ጥሩ መነሻ ቢሆንም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከሌላ ልብስ ተነቅሎ ሊሰፋ ይችላልና። ማርካው የተሰፋበት ክር ከቀሚሱ የውስጥ ክር ጋር ይመሳሰል እንደሆነ፣ በዙሪያው ሌላ የቆየ የመርፌ ቀዳዳ እንዳለ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ማርካው አለመኖሩም ቀሚሱን ዋጋ ቢስ አያደርገውም፤ አንገታቸውን እየፈተጋቸው ቆርጠው የጣሉት ባለቤቶች ቁጥር ቀላል አይደለም።

ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ ልብሶች ላይ ሁለት ዓመታትን ማስታወስ ይጠቅማል። የጨርቁን ዓይነት በማርካው ላይ መግለጽ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን፣ የእጥበት መመሪያ የግድ እንዲሰፋ የተደረገው ደግሞ በ1972 ነው። ስለዚህ በቃላት የተጻፈ የእጥበት መመሪያ ያለበት የአሜሪካ ቀሚስ በአብዛኛው ከ1972 በኋላ የተሠራ ነው፤ በቃላት ፋንታ ምልክት ብቻ ያለበት ከሆነ ደግሞ፣ በዚያ አገር ይህ የተፈቀደው በ1997 ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የተሠራ መሆኑን መገመት ይቻላል። ዚፑም ይናገራል፤ በጎን የተሰፋ የብረት ዚፕ የ1930ዎቹ፣ የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ጠባይ ሲሆን፣ የናይሎን ዚፕ የተለመደው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው።

ኅትመቱን በተመለከተ የአንዳንድ ቤቶች ሥራ ፊርማ አለው። የፍሎረንሱ ኤሚሊዮ ፑቺ፣ በሚላን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ኬን ስኮትና በ1958 የተመሠረተው የፓሪሱ ሌኦናር ስማቸውን በትንሽ ጽሕፈት በራሱ በንድፉ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ከሦስቱ ኬን ስኮትና ሌኦናር በተለይ የሚታወቁት በአበባ ነው። ፊርማው በቅጠል ሥር ወይም በግንድ አጠገብ ተሸጉጦ ስለሚቀመጥ የቀሚሱን ሙሉ ስፋት ሳይፈትሹ የለም ብሎ መደምደም አይገባም።

በእኔ ግምት ከማርካም ከፊርማም ይልቅ አሳማኙ ምልክት ስፌቱ የሚያልፍባቸው አበቦች ናቸው። የጎኑን ስፌት ይዘው ወደ ታች ይውረዱ። አንድ ትልቅ የጽጌረዳ ቅጠል በግራው ቁራጭ ላይ ተጀምሮ፣ ስፌቱን ተሻግሮ፣ በቀኙ ቁራጭ ላይ ደም ሥሩ ሳይዛነፍ ከቀጠለ፣ ቆራጩ ይህን ለማግኘት ብዙ ጨርቅ ማባከን ነበረበት ማለት ነው። ርካሽ ቅጂ ይህን ወጪ አይሸከምም፤ አበባው በስፌቱ ላይ ተቆርጦ ይቀርና በማዶው ሌላ ግማሽ አበባ ይጀምራል። በእጅ የተጠቀለለ የታችኛው ጫፍና በውስጥ በኩል የጨርቁ ጥሬ ጠርዝ እንዳይታይ ተሸፍኖ የተሰፋ ስፌትም በዚሁ መደብ የሚቆጠሩ ናቸው።

ሦስተኛ፦ ሐር መሆኑን ማረጋገጥ

ከስፌቱ ትርፍ ላይ አንድ ክር ብቻ ይምዘዙና በወረንጦ ይዘው፣ ከቀሚሱ ርቀው፣ በእሳት ያስነኩት። ሐር ፕሮቲን ስለሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲታሽ ይፈርካከሳል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠንካራ ዶቃ ትቶ ይቀራል፤ ሬዮን ደግሞ እንደ ወረቀት ይሸታል። ገበሩን ለብቻው ይፈትኑ፤ ከላይ ሐር ሆኖ ገበሩ ሬዮን ወይም አሲቴት የሆነ ቀሚስ ብዙ ነው፤ ሁለቱ ጨርቆች ደግሞ በውኃ ውስጥ እኩል አይሸበሸቡም።

አራተኛ፦ እያንዳንዱን ቀለም መፈተን

ከዚህ መመሪያ ውስጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ክፍል ይህ ነው። የታተመ ሐር ማቅለሚያው ከተቀባበት በኋላ በእንፋሎት ይታጠናል፤ እንፋሎቱ ቀለሙን ከክሩ ጋር ያያይዘዋል፤ ከዚያም ያልተያያዘው ትርፍ ቀለም እንዲወጣ ይታጠባል። ይህ የመጨረሻ እጥበት በሚገባ ካልተሠራ ትርፉ በጨርቁ ውስጥ ተኝቶ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ውኃ ሲነካው ይነሣል። ጠቆር ያሉ ቀለሞች ብዙ ማቅለሚያ ስለሚጠጡ ትርፋቸውም ብዙ ነው፤ ስለሆነም ጥቁር፣ ጥልቅ ሰማያዊና ቀይ ከሁሉ በላይ ይጠረጠራሉ። ቀይ አበባ በነጭ መደብ ላይ በጥቁር መስመር ተከብቦ የተሣለበት ቀሚስ ሁለቱን አስጊ ቀለሞች በጣም በቀላሉ ከሚቆሽሸው ቀለም አጠገብ አስቀምጧቸዋል።

ፈተናው የሚደረገው በማይታይ ቦታ ነው፤ ችግሩ ሁሉም ቀለም በአንድ ድብቅ ቦታ አለመገኘቱ ነው። በታችኛው እጥፋት ውስጥ፣ ከዚፑ ጎን ባለው ትርፍ ጨርቅ፣ በአንገቱ የውስጥ እጥፋትና በቀበቶው ጀርባ እየፈለጉ፣ የእያንዳንዱን ቀለም ናሙና የሚያገኙበትን ቦታ አስቀድመው በወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ከዚያም የጆሮ ጥጥ ጫፍ በተጣራ ውኃ አርሰው፣ ጠብታው እንዳይወርድ ጨመቅ አድርገው፣ በቀለሙ ላይ ያኑሩት። አይፈትጉ፤ በላዩ ንጹሕ ትንሽ ብርጭቆ ጭነው ለጥቂት ደቂቃ ይተዉት። ጥጡን አንስተው በነጭ ወረቀት ላይ በብርሃን ይመልከቱ። እጅግ የደከመ ሮዝ ወይም ግራጫ ጥላ እንኳ ቢታይ ያ ቀለም ይለቃል ማለት ነው፤ ጥጥ ላይ ጥላ ብቻ የሆነው ነገር በገንዳ ውስጥ ሙሉ አበባውን ሊያበላሽ ይችላል።

ጥጡ ንጹሕ ሆኖ ከተነሣ ሥራው አላለቀም። በሌላ ጥጥ፣ ሊጠቀሙበት ያሰቡትን ሳሙና በውኃ አቅጥነው፣ ያንኑ ፈተና ይድገሙት፤ በውኃ የማይለቅ ቀለም በሳሙና የሚለቅበት ጊዜ አለ። ሁለት ቀለሞች የሚደራረቡበትን ጠርዝ ለብቻው ይፈትኑ። በመጨረሻም የተፈተነው ቦታ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ተመልሰው ይዩት፤ በዙሪያው ቀለበት የመሰለ የውኃ ምልክት ከቀረ፣ ጨርቁ በከፊል መርጠብን አይወድም።

ውሳኔው ቀላል ነው፤ ከቀለሞቹ አንዱ እንኳ ከለቀቀ ቀሚሱ በውኃ አይታጠብም። ዘጠኙ ጸንተው አንዱ ቢለቅ፣ የሚታዘዘው ለአንዱ ነው።

አምስተኛ፦ ያለ ውኃ ማጽዳት

ከፈተናው በፊትም ሆነ በኋላ የሚፈቀደው የመጀመሪያው ጽዳት አየር ነው። ቀሚሱን በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚነካው ንጹሕ ክፍል ውስጥ፣ በተዘረጋ መረብ ላይ አስተኝተው ለአንድ ሁለት ቀን ይተዉት። አብዛኛው የቁም ሳጥን ሽታ በዚህ ይለቃል። ሽቶ በመርጨት ሽታን መሸፈን ግን ስህተት ነው፤ አልኮሉ ቀለም ያነሣል። አቧራውን ለማስወገድ በጨርቁ ላይ ስስ መረብ አንጥፈው፣ አቧራ መጥረጊያውን በዝቅተኛ ኃይል፣ ከመረቡ ትንሽ ከፍ አድርገው ያሳልፉት።

የትከሻ ስፖንጅ ካለ በዚህ ደረጃ ይፍቱት። የቆየ ስፖንጅ ወደ ቢጫ ዱቄት እየተለወጠ ሐሩን ያቆሽሻል። ውስጡ ካርቶን ያለበት ቀበቶና በብረት ላይ የተለበጡ ቁልፎችም ይነቀሉ፤ የነበሩበት ቦታ አስቀድሞ ፎቶ ቢነሣ ሲመለሱ አያስቸግሩም።

ቀለም የሚለቅ ቀሚስ ቆሻሻው የግድ መውጣት ካለበት ወደ ደረቅ እጥበት ይሄዳል፤ ነገር ግን ለሠራተኛው አስረክቦ መሄድ አይበቃም። በምን ፈሳሽ እንደሚያጥብ ይጠይቁ፤ በማርካው ላይ በክብ ውስጥ የሚጻፉት የላቲን ፊደላት የሚነግሩትም ይህንኑ ነው። ጠንከር ያለው ፐርክሎሮኤቲሊን አንዳንድ የፕላስቲክ ጨሌዎችንና ቁልፎችን ያሟሟል። ቀለሙን በራሱ ፈሳሽ እንዲፈትን፣ ፈሳሹ በቅርቡ የተጣራ እንዲሆን፣ ቀሚሱ በመረብ ከረጢት ገብቶ ለብቻው እንዲታጠብና በእንፋሎት እንዳይጨፈለቅ ያሳስቡ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ቤት ለእንዲህ ያለ ልብስ አይሆንም።

ስድስተኛ፦ በውኃ ማጠብ

ሁሉም ቀለሞች ፈተናውን ካለፉና ጨርቁ ጤነኛ ከሆነ በእጅ ማጠብ ይቻላል። አስቀድመው ሁሉን ነገር ያዘጋጁ፤ ቀሚሱ ከረጠበ በኋላ ፎጣ ፍለጋ መሄድ አይቻልም። ሐር ሲረጥብ ጥንካሬው ስለሚቀንስ፣ በገንዳው ወለል ላይ ንጹሕ ነጭ አቡጀዲ አንጥፈው ቀሚሱን በእሱ ላይ ያሳርፉ፤ የሚነሣውም የሚገለበጠውም በአቡጀዲው ተይዞ ነው። የውኃው ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይለፍ። ሳሙናው ገለልተኛ፣ ኢንዛይም የሌለበትና ማንጫ ያልተጨመረበት ይሁን፤ ፕሮቲን የሚበሉ ኢንዛይሞች የምግብ ነጠብጣብንና ሐርን አይለዩም። በረኪና ደግሞ ሐርን ቃል በቃል ያሟሟዋል።

ቀሚሱን ሙሉ በሙሉ፣ በአንድ ጊዜ ያርጥቡት። ግማሹ ረጥቦ ግማሹ ደረቅ ከሆነ ውኃው ቆሻሻውን እየገፋ ወደ ጠርዙ ይወስድና የማይለቅ መስመር ይሠራል፤ አንድ ነጠብጣብ ብቻ ለማጽዳት በእርጥብ ጨርቅ መፈተግ የማይመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። በመዳፍዎ ለስለስ አድርገው ይጫኑ፣ ይልቀቁ፤ አይሹ፣ አይጠምዝዙ። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ውኃው ቀለም የመሰለ ነገር ካሳየ ሳይዘገዩ ያውጡትና በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ያለቅልቁት፤ እርጥቡ ጨርቅ ተጣጥፎ ለአንድ አፍታም እንዲቆይ አይተዉት። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ ላይ፣ ለአምስት ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ መጨመር ይቻላል፤ ሐር ከአልካላይ ይልቅ ቀለል ያለ አሲድን ይወዳል።

ካወጡት በኋላ በነጭ ፎጣ መካከል ጠቅልለው ውኃውን ይምጠጡ። በደማቅ ኅትመት ላይ ብዙዎች የሚረሱት ቀጣዩን ነው፤ በቀሚሱ ሆድ ውስጥ፣ በፊትና በጀርባ መካከል፣ ሌላ ደረቅ ነጭ ፎጣ ያስገቡ። ሁለቱ እርጥብ ገጾች ከተነካኩ የፊቱ አበባ በጀርባው ላይ ጥላውን ሊያትም ይችላልና። ከዚያ በጥላ ሥር ተዘርግቶ ይድረቅ።

በካውያ ሲተኮስ ትንሽ እርጥበት እያለው፣ ከውስጥ በኩል፣ ስስ የጥጥ ጨርቅ በመሐል ተደርጎ፣ በካውያው ላይ በአንድ ነጥብ በሚመለከተው ሙቀት ማለትም እስከ 110 ዲግሪ ይጀመራል። ሐር ላይ ውኃ እየረጩ መተኮስ ነጠብጣብ ያወጣል።

ሰባተኛ፦ ስለ እድፍ

የብብት እድፍ ከሌላው ይለያል። ላብና በዲዮድራንት ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ጨው አብረው ሐሩን ያደክሙታል፤ ስለዚህ ቢጫው ቦታ የቆሸሸ ብቻ ሳይሆን የተቃጠለ ያህል ነው፤ አጥብቆ ማጽዳቱ ቀዳዳ ይከፍታል። እድፉን መቀበልና ቦታውን ከጀርባ መደገፍ ይሻላል። በብርሃን የደበዘዘ ቀለምም አይመለስም። ምን ያህል እንደደበዘዘ ለማወቅ በታችኛው እጥፋት ውስጥ ያለውን አበባ ከውጪው ጋር ማነጻጸር ይበቃል። የደበዘዘውን በጨርቅ ቀለም መሙላት የሚያስከትለው ጉዳት ከድብዛዜው የባሰ ነው።

ስምንተኛ፦ መጠገን

የተተረተረ ስፌት በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ውስጥ ተመልሶ ይሰፋል። ክሩ ከጨርቁ የደከመ መሆን አለበት፤ ሲወጠር መበጠስ ያለበት ክሩ እንጂ ሐሩ አይደለምና ጠንካራ የፖሊስተር ክር እዚህ ቦታ የለውም። የሳሳ ወይም የተቀደደ ቦታ ከኋላው በስስ ሐር ተደግፎ፣ በቀጭን መርፌና ስስ የሐር ክር፣ ዘርዘር ባሉ ትናንሽ ጥልፎች ይያያዛል። በአበባ ኅትመት ላይ ጥልፎቹን በአበባው የመስመር ጠርዝ ላይ ማሳረፍ ስለሚቻል፣ ጥገናው ነጠላ ቀለም ባለው ሐር ላይ ከሚደረገው ይልቅ በቀላሉ ይደበቃል። በካውያ የሚለጠፍ ማስጠበቂያ ሙጫው በስሱ ሐር አልፎ ስለሚወጣና በኋላ ስለማይነቀል መጠቀም አይገባም። ቀሚሱን ለማስፋት ስፌት ከመፍታት በፊትም ሐር የድሮውን የመርፌ ቀዳዳ እንደማይዘጋ ማሰብ ያስፈልጋል።

የሚለበስ ከሆነ ሽቶና የፀጉር መርጫ ከመልበስ በፊት ተደርገው ሊደርቁ ይገባል፤ በብብቱም በቀላሉ የሚነቀል የጥጥ መከላከያ ይሰፋበት።

ዘጠነኛ፦ ማስቀመጥ

ሐርን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ብርሃን ስለሆነ ቦታው ጨለማ ይሁን። ሙቀቱ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ አካባቢ ሆኖ እምብዛም የማይዋዥቅ ቢሆን ይመረጣል። ጀርሲ ከተባለው እንደ ሹራብ ከተሠራ ጨርቅ የተሰፋና በሰያፍ የተቆረጠ ቀሚስ በመስቀያ ላይ ይለጠጣል፤ ስለዚህ በሣጥን ውስጥ ይተኛል። ቀለል ያለና ጤነኛ ትከሻ ያለው ሌላ ቀሚስ በጥጥ በተጠቀለለ ሰፊ መስቀያ ሊሰቀል ይችላል። ከላውንድሪ የመጣበትን ላስቲክ ወዲያው ያውጡትና በታጠበ አቡጀዲ ይሸፍኑት።

በሣጥን ሲቀመጥ አሲድ የሌለበትና አልካላይ ያልተጨመረበት ስስ ወረቀት ይጠቀሙ፤ አልካላይ የተጨመረበት ወረቀት ለጥጥ የሚስማማ ቢሆንም ለሐር አይሆንም። በእያንዳንዱ እጥፋት ውስጥ ወረቀቱን እንደ ቋሊማ ጠቅልለው ያስገቡ፤ ሹል እጥፋት ክሩን ይሰብራል። በየጥቂት ወሩ አውጥተው እጥፋቱን ወደ ሌላ መስመር ያዛውሩ።

በዚያው አጋጣሚ ብል ይፈልጉ። ጨርቁን የሚበላው ትሉ ነው፤ ላብና ምግብ የነካውን ቦታ ያስበልጣል፤ ስለዚህ ብብት፣ አንገትና የስፌት ውስጥ ቅድሚያ ይታያሉ። ትል ወይም የሐር ድር የመሰለ ሽፋን ከተገኘ፣ ቀሚሱን በወረቀት ጠቅልለው በላስቲክ ከረጢት ያስገቡ፤ አየሩን አስወጥተው አጥብቀው ያሽጉና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡት ከረጢቱን ወዲያው አይክፈቱ፤ የክፍሉ ሙቀት እስኪደርስበት አንድ ሙሉ ቀን ታሽጎ ከቆየ ጤዛው ከላስቲኩ ውጪ ይቀራል፤ ሐሩም ኅትመቱም ሳይረጥቡ ይወጣሉ።